ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ክንፍ

ቴሳ አሥራ አራተኛውን የክንፍ ጎድን ጭኗ ላይ አጋድማ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ታሻሽ ነበር። ጎድኑ ከስስ አሉሚኒየም የተቆረጠ ነው፤ እንዲቀል መሀል መሀሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ተበስቶለታል። ሦስት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ታች ትሞርድና ጣቷን በጠርዙ ላይ ታሳልፋለች። ጣቷን ከያዛት ገና ነው ማለት ነው። ዛሬ ጣት የሚይዝ ሸካራ ቦታ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ አየር ላይ፣ ስንጥቅ ይሆናል። ይህን አባቷ ብዙ ጊዜ ስለነገራት አሁን የራሷ ሐሳብ ይመስላታል።

ጣቷ ሳይያዝ አለፈ። ጎድኑን ከአሥራ ሦስቱ ጎን አቆመችው።

የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባቷ ላይል በሩ ጋ ጎንበስ ብሎ በጋዝ ምድጃ ላይ ፓንኬክ ይገለብጣል። ከእሱ ወዲያ ሣር የለበሰው መንደርደሪያ በበቆሎው ማሳና በመስኖው ቦይ መካከል ተዘርግቷል፤ አራት መቶ አርባ ሜትር። ጤዛው ገና አልረገፈም። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመታው ሣሩ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ ብር መስሏል።

«ጨረስሽ?» አለ አባቷ ሳይዞር።

«አንድ ይቀረኛል።»

«ተይው፤ እሱ ወዳቂ ነው። ከመስመሩ ውጪ ያለው ጎድን አይደል? ዛሬ እኮ የሚቆረጠው ክፍል ላይ ነው።»

ቴሳ ወደ ጠረጴዛው አየች። የክንፉ አውራ ዘንግ ሁለት አልጋ በሚያክለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል፤ ጎድኖቹ ሁሉ የሚያያዙበት፣ ክንፉን የሚሸከመው እሱ ነው። ከጫፉ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ አንድ ሰማያዊ መስመር ተሰምሮበታል። ያሰመረችው እሷ ናት።

ተገጣጣሚው አውሮፕላን በትልልቅ ሣጥን ተጭኖ ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አምራቾቹ ሁሉንም ሰው በረጅም ክንፍ ያስጀምሩታል። መመሪያው ላይ ግን አንድ ገጽ አለ፤ የፈለገ ሰው ሁለቱንም ክንፍ ከጫፋቸው ሰማንያ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ቆርጦ ማሳጠር ይችላል ይላል። ረጅሙ ክንፍ በዝግታ እየበረረም ይሸከማል፤ ስለዚህ በአጭር ሜዳ ላይ ያርፋል። ግን አየሩን ብዙ ይገፋል፣ ፍጥነት የለውም፣ በሞቃት ከሰዓት ደግሞ እንደ ጋሪ ያንገጫግጫል። አጭሩ አየሩን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ ሲያርፍ ግን በፍጥነት ነው የሚመጣው፣ ለመቆምም ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። የሚመርጠው ሠሪው ነው። አንዴ ከቆረጠ በኋላ ግን መመለስ የለም፤ ሌላ ዘንግ ታዞ እስኪመጣ ስምንት ወር ይፈጃል።

ይህን ምርጫ አባቷ ለቴሳ ነበር የሰጣት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ከክፍሏ የሚደርስባት የለም፤ እሷም ይህን አትደብቅም። ባለፈው ቅዳሜ፣ ጎረቤቶቹ እንደ ልማዳቸው ለቁርስ ተሰብስበው ሳለ፣ ደብተሯን ይዛ ተነሳችና አጭሩ ክንፍ መሬት ከነካ በኋላ በሦስት መቶ ሜትር ውስጥ እንደሚቆም አስረዳች። መንደርደሪያቸው አራት መቶ አርባ ነው። መቶ አርባ ሜትር ይተርፋል። አንድም ጊዜ አልተደናቀፈችም። አባቷ እጁን አጣጥፎ ሲሰማት ቆይቶ «እንግዲህ መሐንዲሷ ተናገረች» አለ። የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ጠጋኟ ሮክሳን አጨበጨበች፤ «ይቺን ልጅ ለጋራዤ ስጡኝ» አለች።

ቴሳ ያን ቀን ያላሳየቻቸው አንድ ሌላ ገጽ ነበር። እዚያ ላይ የተጻፈው ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት የሚለቀቀው ዘጠኝ ሰዓት፣ መነሻ ዘጠኝ ተኩል። ዊቺታ ከተማ፣ አምስት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር። በጥቅምት መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ አባቷ ደግሞ ጨለማ ውስጥ አይበርም፣ ፈቃዱም የለውም። በአጭሩ ክንፍ አሥራ ሁለት ከአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ላይ ይደርሳሉ። በረጅሙ አሥራ ሁለት ከአርባ አምስት። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀድሞ፣ ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ።

ዊቺታ ውስጥ እናቷ አለች። አባትና እናቷ ከተለያዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በመኪና መንገዱ ግማሽ ቀን ስለሚበላ ቴሳ የምትሄደው በወር አንዴ ነው። አጭሩ ክንፍ ማለት በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ማታ፣ በእናቷ ጠረጴዛ፣ ራት ማለት ነው።

ከበቆሎው ማሳ ማዶ የሞተር ድምፅ መጣ።

«ሽማግሌው ደረሰ» አለ አባቷ። «ፓንኬክ ከሦስት አውራጃ ይሸተዋል።»

የሚስተር ቮስ ቢጫ አውሮፕላን ከነሱው ዓይነት ሣጥን የወጣ ነው፤ ክንፉን ግን ገና ድሮ አሳጥሮታል። ዛፎቹን ተሻግሮ ዝቅ አለና በመንደርደሪያው መጀመሪያ ላይ፣ ያላንዳች መንጠር፣ ሣሩን ነካ። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በዚህ አካባቢ እንደሱ አድርጎ የሚያሳርፍ የለም። አውሮፕላኑ በብሩ ሣር ላይ ሁለት ጥቁር መስመር እያሰመረ ተንሸራተተ፤ ቆመ፤ ዞሮ ወደ መጋዘኑ መጣ።

ቴሳ መስመሮቹን አየቻቸው። እንዲህ ያለ ዕድል በየቀኑ አይገኝም። አጭር ክንፍ፣ የነሱ ሜዳ፣ ጤዛው ላይ የተጻፈ ማስረጃ። ለቁርሱ ማጣፈጫ ይሆናል። አባቷ የመስኖ ቱቦ ሲዘረጋ የሚለካበትን ባለ ጎማ መለኪያ ከግድግዳው አነሳችና ወጣች። መለኪያው መሬት ላይ ሲገፉት በየሜትሩ ቀጭ ይላል።

ጎማው ሣሩን መጀመሪያ የነካበት ቦታ በግልጽ ይታያል። ከዚያ ጀመረች። ጫማዋ ከመቶ ሜትር በፊት ራሰ። ሁለት መቶ። ሁለት መቶ ሰማንያ። ቀና ብላ ስታይ ዱካው ገና ይቀጥላል። ሦስት መቶ ሲሞላ ቆመችና ወደ ኋላዋ ተመለከተች፤ መነሻዋን የሳተች መሰላት። ከዚያ ቀጠለች። ወደ መጨረሻው ግድም ሁለቱ መስመሮች ቀጥ ማለታቸውን ትተው ትንሽ ተወላግደዋል። መለኪያው ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ላይ ሲደርስ ዱካው አለቀ። የመስኖው ቦይ ከፊቷ፣ ቅርብ፣ ውሃው ሲንቀሳቀስ ይሰማል።

ተመልሳ ድጋሚ ለካች። ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት።

ሚስተር ቮስ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ጎማው ሥር ሽብልቅ ያስገባል። ቴሳ መለኪያውን እየገፋች መጣች።

«ሚስተር ቮስ፣ ሲያርፉ ፍሬን ይዘው ነበር?»

«እኔማ ያዝኩ። ጎማዎቹ ናቸው ያልሰሙኝ።» ቀና አለ። «ጤዛ ነዋ። በሳሙና ላይ ቁሚ እንደ ማለት ነው።»

«ነዳጅዎስ ሙሉ ነበር?»

«ግማሽ። ምነው፣ ክስ ልትጽፊብኝ ነው?»

«ብቻዎን፣ በግማሽ ነዳጅ» አለች ቴሳ ለራሷ ያህል። «አውሮፕላንዎ ባዶውን ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ነው አይደል?»

«ማን አለ?»

«ወረቀቱ።»

ሽማግሌው ሳቀ። ከጉያው የኪስ ቦርሳውን አውጥቶ መንጃ ፈቃዱን አሳያት። «እስቲ እይው፤ ይሄም ወረቀት ነው። ፎቶው ላይ ፀጉር አለኝ።» መልሶ ከተተው። «የኔ ሁለት መቶ ሰባ አንድ ነው፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ። እኔ ደግሞ ቆጣቢ ነበርኩ። የማንም ሰው አውሮፕላን የወረቀቱን ያህል መዝኖ አያውቅም፣ የኔ ልጅ። ሰዎቹ ወረቀቱን ሲጽፉ መቀመጫ ያስገቡ አይመስለኝም።»

«የኛስ?»

«የናንተ?» ሚስተር ቮስ ወደ መጋዘኑ አየ፤ ወደ አባቷ ጀርባ። «አባትሽ ትልቁን ሞተር ነው የገጠመው» አለ። ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ ፓንኬኩ ሄደ።

ቴሳ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ የድሮ ትራክተር ጎማ ላይ ተቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች። ያንን ሞተር ከሣጥኑ ያወጡት ጊዜ አንደኛውን ጫፍ የያዘችው እሷ ነበረች። ለሁለት ቀን ጀርባዋን አሟታል። ጀርባዋ የሚያውቀውን ደብተሯ ላይ አልጻፈችውም። ሁለት መቶ አርባ ብላ ነው የጀመረችው፤ ያኔ ቁጥሩ ጥሩ ይወጣ ስለነበር ሌላ ቁጥር አልፈለገችም። ሣሩንም ደረቅ አድርጋዋለች። ሻንጣም አላስገባችም፤ ዓርብ ማታ ለሚሄድ ሰው ሻንጣ እንደማያስፈልገው ሁሉ።

እንደገና ሠራችው። ባዶው ሦስት መቶ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። አባቷ፣ እሷ፣ ነዳጁ፣ ሁለት ቦርሳ። ከዚያ እርጥቡን ሣር ጨመረች፤ እሱን እንኳ መገመት አላስፈለጋትም፣ ሚስተር ቮስ ዛሬ ጽፎላታል። መልሱ አምስት መቶ አምስት ሜትር ወጣ። መንደርደሪያው አራት መቶ አርባ ነው። ስልሳ አምስቱ ሜትር ቦዩ ውስጥ ነው፤ ከቦዩም አልፎ።

እርሳሷን አስቀመጠች። ከመጋዘኑ የሮክሳን ሳቅ ይሰማል፤ መጥታለች ማለት ነው።

ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ሚስተር ቮስ ቢጠረጥርም አላሰላውም። ጤዛው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይረግፋል፣ ዱካው አብሮት ይጠፋል። አባቷ ጎበዝ አብራሪ ነው። ሣሩ ሁልጊዜ እርጥብ አይደለም። መስመሩ ተሰምሯል፣ ሁሉም ተሰብስቧል፣ እናቷም ዓርብ ማታ ነፃ እንድትሆን የሆስፒታል ፈረቃዋን ቀይራ ጨርሳለች። እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲደመሩ ትክክለኛ መልስ ይመስሉ ነበር። ቴሳ ግን በዚያው ደብተር፣ በዚያው እጅ፣ ባለፈው ሳምንትም እንዲህ ያለ መልስ አግኝታ ነበር።

ደብተሯን ዘጋችና ተነሳች።

ውስጥ ቁርሱ ተጋምሷል። ሮክሳን የአውቶቡስ ግራሶ የማይለቀው እጇን በወረቀት ትጠርጋለች። እሷም በቤቷ የእንጨት አውሮፕላን ትሠራለች፤ ከጀመረችው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

«መጣች መጣች» አለች። «ኢንጂነሯ ጫማዋን አጥባ መጣች።»

«ሜዳውን ስለካ ነበር።»

«አሁንማ ምኑ ይለካል? ብይና እንቁረጥ።»

በዚህ መንደርደሪያ ላይ የቆየ ልማድ አለ። የማይመለስ ነገር የሚቆረጥ ቀን ሁሉም ይመጣል፤ የሚቆርጠው መስመሩን ያሰመረው ሰው ነው፤ መጋዙ እስኪያበቃ ማንም አይናገርም። ከዚያ ሁሉም በየተራ ስማቸውን ክንፉ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ከለበሰ በኋላ ማንም በማያየው ቦታ ላይ ይጽፋሉ። አባቷ እጁን በሱሪው ጠረገና መጋዙን አነሳ። አዲስ ምላጭ አስገብቶለታል። በሁለት እጁ አድርጎ ሰጣት።

ቴሳ ተቀበለችው። ቀላል ነበር። ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ከመስመሩ ፊት ቆመች። ሮክሳን ማኘኳን አቆመች።

«አልቆርጠውም» አለች ቴሳ።

ለአፍታ ቀልድ መሰላቸው።

«ፈራሽ እንዴ?» አለ አባቷ በለሰለሰ ድምፅ። «እጅሽን ልያዝልሽ?»

«አልፈራሁም። ተሳስቻለሁ።» መጋዙን ከዘንጉ አርቃ አስቀመጠችና ደብተሯን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ሦስት መቶ ያልኩት ልክ አይደለም። የወረቀቱን ክብደት ነው የወሰድኩት። ሞተራችንን አላስገባሁም፣ እርጥብ ሣር አላስገባሁም። ሚስተር ቮስ ዛሬ ብቻውን ሆኖ ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት ሜትር ወስዶበታል። እኛ ሁለት ሆነን አምስት መቶ አምስት ነው።»

አባቷ ጎንበስ ብሎ ገጹን አነበበ። አንድ ጊዜ አንብቦ እንደገና ከላይ ጀመረ። አንገቱ ቀልቷል።

«ጤዛው ሲደርቅ ነዋ የምናርፈው» አለ።

«የምንመለሰው እሁድ ሊመሽ ሲል ነው። ማታም ሣሩ ይርሳል። መስኖው ደግሞ ነፋስ ሲኖር እዚህ ድረስ ይረጫል።»

«ፍሬኑን እናሻሽላለን።»

«አባዬ፣ ፍሬን እኮ የሚሠራው ጎማው ሲይዝ ነው።»

«ያውቃል፣ ያውቃል» አለች ሮክሳን። «እኔስ አሥራ አንድ ዓመት ለምን የቆየሁ ይመስላችኋል? እዚህ ሒሳብ ላይ ላለመድረስ ነው።»

የሳቀ አልነበረም። አባቷ ቀና ብሎ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

ሚስተር ቮስ ሹካውን አስቀመጠ። «መጠርጠሩንስ ጠርጥሬያለሁ።»

«ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ አፍህን ምን ያዘው?»

«ልጅህ ስትናገር እንዴት አድርገህ እንዳየሃት አይቻለሁ። በዚያ መሀል የሚገባ ሰው አይደለሁም» አለ ሽማግሌው። «መጋዙ ሳይነሳ ግን እናገር ነበር። ልክ አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ።»

«አጭሩን የፈለግኩት ለእናትሽ ብዬ እኮ ነው» አለ አባቷ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ለቴሳ ብቻ። «ዓርብ ማታ እንድትደርሺላት።»

«አውቃለሁ። እኔም ለዚያ ነው ቁጥሩን ያሳመርኩት።»

ይህን ስትል ዓይኑን አየችው። ዓይኑን ቀድሞ የመለሰው እሱ ነው። መለኪያውን ከተደገፈበት አነሳና ወደ ውጭ ወጣ።

ሦስቱ በበሩ በኩል አዩት። ከመንደርደሪያው መጀመሪያ ተነስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መጥፋት በጀመሩት መስመሮች መሀል ይሄዳል። መለኪያው ቀጭ ቀጭ ሲል ለጥቂት ጊዜ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ራቀ። መጨረሻው ላይ ቆመ። ከዚያም አልፎ ሄዶ ቦዩ አፍ ላይ ቆመ፤ ረጅም ጊዜ።

«ተቆጥቷል?» አለች ቴሳ።

«ያዘነ ሰው ነው እንጂ የተቆጣ አይደለም» አለች ሮክሳን። አንድ ፓንኬክ ሳህን ላይ አድርጋ ገፋችላት። «ብይ። በባዶ ሆድ ትክክል መሆን ያደክማል።»

ቴሳ በላች። ራሷም ገረማት፤ ርቧት ነበር። ሁለተኛ ፓንኬክ ወሰደች።

አባቷ ጫማው ርሶ ተመለሰ።

«ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት» አለ።

«እኔ በሁለተኛው ሰማንያ ሰባት ነው ያገኘሁት።»

«ሰማንያ ሰባት ይሁንልሽ።» አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ረጅሙስ? ረጅሙን ሠርተሽዋል?»

«አራት መቶ ሃያ አንድ። ከነሻንጣችን፣ በእርጥብ ሣር።»

«ይገባል ታዲያ።»

«ይገባል፤ ግን የሚተርፈው አሥራ ዘጠኝ ሜትር ብቻ ነው። እኔ ይበቃል አልልም።» ደብተሯን ወደሱ ገፋች። «ክብደት ከቀነስን በየኪሎው ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ያህል እናተርፋለን። አርባ ኪሎ ብንቀንስ ሌላ ሠላሳ ሁለት ሜትር ነው። ችግሩ ምኑን እንደምንቀንስ አናውቅም። አንድም ዕቃ መዝነን አናውቅም፣ አባዬ። ሦስት መቶ ያልኩትም ግምት ነው።»

«ሠሪ ሁሉ እንዲያ ነው» አለ ሚስተር ቮስ። «የሚመዝነው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ማልቀስ እንጂ መቀነስ አይቻልም።»

አባቷ መጋዘኑን ዞር ብሎ ቃኘ። «ረጅም ከሆነ ደግሞ በዚህ በር አይወጣም። በሩ ስምንት ሜትር ተኩል ነው፣ ክንፉ ዘጠኝ ከሃያ።»

«በሩን መቁረጥ ይቻላል» አለች ቴሳ።

ሮክሳን ቡናዋ ትን አላት። አባቷ ልጁን አየ፤ ከዚያ ባለፈው ቅዳሜ ያላየችው ዓይነት ፈገግታ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ መጣ። «እሺ» አለ። «ረጅም ነው። ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።»

«አይ፣ እኔ ነኝ የምነግራት።»

ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። መንደርደሪያው አሁን ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው። እናቷ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች።

«ቴስ? ቆረጥሽው?»

«አልቆረጥኩትም። ረጅሙን ነው የምናደርገው። በአጭሩ እዚህ ቤታችን ማረፍ አንችልም፣ እማ፤ ሒሳቡን ተሳስቼ ነበር።»

እናቷ የሆስፒታሉን ኮሪደር በር ስትዘጋ ተሰማ።

«እና ዓርብ?»

«ዓርብ ማታ ይመሽብናል። ቅዳሜ ሲነጋ ነው የምንነሳው።»

«ግማሽ ቀን ቀነስሽብኝ ማለት ነው።»

«ከግማሽም ትንሽ ይበልጣል» አለች ቴሳ። «ግን በየሁለት ሳምንቱ ነው።»

«ማን ወሰነ? አባትሽ ነው?»

«እኔ።»

እናቷ በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ሲደክማት የምትስቀው ዓይነት። «እንግዲያው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ቁርስ አስቀምጣለሁ።»

«አራት ሰዓት በይ። ሦስት አንደርስም።»

«አራት» አለች እናቷ። «ጻፍኩት።»

ቴሳ ስትመለስ ጠረጴዛው አንደኛው ጫፍ ላይ የነበሩት ሳህኖች ተነስተው በቦታቸው አባቷ የዘር መመዘኛውን ሚዛን አቁሞበታል። ሮክሳን የቀለም ጣሳዎቹን ወደዚያ ትገፋለች፤ ሚስተር ቮስ ማንም ሳይጠይቀው የመጀመሪያውን ዕቃ ተሸክሞ ቆሟል፤ የቀኙን መቀመጫ፣ አባቷ ባለፈው ክረምት በወፍራም ስፖንጅና በቡናማ ቆዳ ያለበሰውን።

«የኔ መቀመጫ ነው» አለች ቴሳ።

«ስለዚህ ካንቺ እንጀምር» አለ ሽማግሌው፤ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው።

ቁጥሮቹ ተወዛወዙና ቆሙ። ወረቀቱ አራት ኪሎ ተኩል ይላል። ሚዛኑ ሰባት ከአርባ ሁለት።

«እንዴ» አለ አባቷ። «ሰባት በይው፤ ቆዳው ገና ይደርቃል።»

ቴሳ ከጥቅሉ አንድ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ቀደደች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በትልልቁ ጻፈችበት፤ 7.42። መቀመጫው ጀርባ ላይ ለጠፈችው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ መቀመጫውንም አንስታ ቁጥሩ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።